ወደ ግራ ብቻ የምትዞረው መንኮራኩር

ቤት ሳይሠራ የበሩን ቁልፍ የሚያስቀርጽ ሰው በየከተማው አንድ አይጠፋም። ታውቁታላችሁ። ላም ሳይገዛ ከጎረቤቱ ጋር በግጦሽ ተኳርፏል። ስለ ጉዞ አንሡለት፤ የሻንጣውን ክብደት በግራም ይነግራችኋል፤ የሚነሣበትን ቀን ግን አትጠይቁት። ሰነፍ እንዳትሉት ከሁላችንም በላይ ይደክማል። ውሸታም እንዳትሉት የተናገረውን ሁሉ ጽፎ ይዞታል፤ ያውም ከነገጽ ቁጥሩ።

ለእኛ ለቮይ ከተማ የደረሰን ክቡር ማጋንጋ ነው። የቃጫ ፋብሪካው የመጋዘን ሹም፣ የዋኬሾ ባል፣ የምጎይ አባት፣ ከዚህም በላይ ገና ያልተፈጠረ የህዋ ጦር ጠቅላይ አዛዥ። ማጋንጋ የኮምፒውተር ጨዋታ ሊሠራ ነው። መንኮራኩሮች በከዋክብት መካከል የሚታኮሱበት ጨዋታ፤ በቤቱ፣ በገዛ እጁ፣ ማንም ሳያዘው። «ሊሠራ ነው» የሚለውን ቃል እኔ መጀመሪያ የሰማሁት የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነበር።

እኔ ጎረቤቱ ነኝ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስዋሂሊ አስተምራለሁ። በዚሁ ኃጢአቴ የጨዋታው «የስያሜ ክፍል ኃላፊ» ሆኜ ተሹሜአለሁ። ሹመቱን ደጅ ጠንቼ አላገኘሁትም። አንድ ቅዳሜ ፀጉሬን ልቆረጥ ስወጣ በአጥሩ ላይ ብቅ አለና፣

«መምህር፣ ሁለት ደቂቃ አለህ?» አለኝ።

ሁለት ደቂቃው ሲያልቅ ፀጉር ቤቱ ተዘግቶ ነበር። ሰባት ፕላኔት፣ አሥራ ዘጠኝ ጨረቃና ሁለት ሠራዊት ስም እንዳወጣላቸው ታዝዤ፣ እንደ አውራ በግ ጎፍሬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

«ጨዋታው ራሱስ ማን ይባላል?» ብዬው ነበር።

«እሱ ገና ነው። መሠረቱ ይድረቅ።»

ይህቺ «መሠረቱ ይድረቅ» የማጋንጋ የዘወትር ጸሎት ናት። ተከታይዋ ደግሞ «እሱ በእቅዱ ውስጥ አለ» ትባላለች። ጠላት መቼ ነው የሚመጣው? በእቅዱ ውስጥ አለ። ተጫዋቹ ቢሞት ምን ይሆናል? በእቅዱ ውስጥ አለ። መቼ ነው የምንጫወተው? መሠረቱ ይድረቅ። ከእነዚህ ከሁለቱ ውጭ የሆነ ጥያቄ ያመጣ ሰው እስካሁን አልተወለደም።

እቅዱ አሥራ አራት ደብተር ሞልቶ ነበር። ማጋንጋ ሃያ ሁለት ዓመት መጋዘን የጠበቀ ሰው ነውና ህዋንም የሚያየው እንደ መጋዘን ነው። በሁለተኛው ደብተር የእያንዳንዱ መንኮራኩር ብሎን በቁጥር ተመዝግቧል። በአምስተኛው ላይ አንድ ሚሳይል ከመተኮሱ በፊት የሚሞላ የወጪ ቅጽ አለ፤ በሦስት ኮፒ የሚሞላ፤ አንዱ ለተኳሹ፣ አንዱ ለመጋዘኑ፣ አንዱ ለፋይል።

«የምጎይ አባት፣ ጠላት እየተኮሰብኝ እኔ ቅጽ ልሙላ?» አልኩት።

«ታዲያ ሳትፈርም ልትወስድ ነው?» አለኝ። ፊቱ ላይ ያየሁት ቅያሜ የእውነት ነበር።

ካታና የሚባል የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪ አለ፤ ደግ ሰው፣ ጥሩ ሙዚቀኛ። የጦርነቱን ዜማ እንዲሠራ ተለምኖ አራት ወር ሙሉ ከበሮ ሲደበድብና መለከት ሲያስነፋ ከረመ። አርባ ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ይዞ መጣ። ማጋንጋ ዓይኑን ጨፍኖ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳመጠ። ሲያልቅ እንባው ቀርሮ ነበር።

«ካታና ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም» አለው። «አንድ ችግር ብቻ አለው። በህዋ ላይ አየር የለም። አየር ከሌለ ድምፅ የለም።»

ካታና ከበሮውን ተሸክሞ ወጣ። እሁድ እሁድ ሲገናኙ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይባባላሉ፤ ከዚያ ያለፈ ንግግር ለሁለት ዓመት አልነበራቸውም።

ጭራሽ ምንም አልሠራም ብዬ ግን አላማውም። በጉብዝናው ዘመን ሞምባሳ ወርዶ ስድስት ወር የፕሮግራም ትምህርት ተምሯል። ከዚያ እንደተመለሰ በአሮጌ ላፕቶፑ ላይ አንዲት ሦስት ማዕዘን ሠራ። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ሦስት ማዕዘን። ቁልፉን ስትጫኑት ወደ ግራ ትዞራለች። ይህቺ ናት መንኮራኩሯ። ለእንግዳ ሁሉ ያሳያታል፤ እንግዳውም ትዕግሥት ካለው ወደ ግራ ያዞራታል።

«በቀኝስ?» ይላል እንግዳው።

ምን ብሎ እንደሚመልስለት ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ዋኬሾ ልምጣ። የማጋንጋ ሚስት በጤና ጣቢያው የታካሚዎችን መዝገብ በኮምፒውተር የምትይዝ፣ ቃል የማታበዛ ሴት ናት። ባሏን አሥራ አንድ ዓመት ስትሰማ አንድም ቀን «ኧረ በቃ!» ስትለው አልሰማሁም። ያስቸገራት ሰውየው ሳይሆን ጠረጴዛው ነበር። ቤታቸው ውስጥ ያለው አንድ ትልቅ የመመገቢያ ጠረጴዛ ነው፤ ከአባቷ የወረሰችው፣ ለስምንት ሰው የሚበቃ። ማጋንጋ በእሱ ላይ የህዋውን ካርታ ዘርግቶበታል። ስድስት የስሚንቶ ከረጢት ተገልብጦ፣ ተሰፍቶ፣ በአራት ቀለም እስክሪብቶ የተሣለበት። ካርታው እንዳይነቃነቅ በጠጠር ተይዟል፤ እያንዳንዱ ጠጠር ደግሞ አንድ የጦር ሰፈር ነው። ደብተሮቹም እዚያው ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተቆልለዋል። ስለዚህ ቤተሰቡ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳህኑን ጭኑ ላይ አድርጎ በልቷል።

ባለፈው ገና ልጃቸው ምጎይ ከሞምባሳ የእጮኛዋን ወገኖች ይዛ መጣች። አሥራ ሦስት እንግዳ። ዋኬሾ ካሳቫና ባቄላውን ቀቅላ ለኪማንጋ አድቅቃ፣ ዶሮውን ሠርታ፣ ሽታው ቤቱን እያወደው ሁሉም በየጥጉ ሳህኑን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። የእጮኛዋ አጎት የሆኑት ሽማግሌ ግን እጃቸው ዛለ መሰለኝ፣ ሳህናቸውን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አኖሩ።

ማጋንጋ ተስፈንጥሮ ተነሣ። በእጁ ልብሱን ሰብሰብ አድርጎ፣ በታላቅ ትሕትና፣

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እዚያ ላይ ጦርነት አለ» አላቸው።

ሽማግሌው ሳህናቸውን እንደ ፍም አነሡት። መጀመሪያ ምጎይ ሳቀች፤ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን። ዋኬሾም ሳቀች። እኔ ግን ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ስለነበር ከንፈሯ ሲስቅ ዓይኗ ጠረጴዛው እግር ላይ እንደነበረ አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሰማነው ዘግይተን ነው። ዋኬሾ በማግስቱ ማንም ሳያያት የመጀመሪያውን ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ብቻ ፎቶ አነሣች። ገጹ ላይ «አንድ መንኮራኩር። ብዙ ጠላት። ማምለጥ ወይም ማሸነፍ» ይላል። በምሳ ሰዓት፣ ታካሚ በማይበዛበት ጊዜ፣ ከጤና ጣቢያው ጠረጴዛዋ ሳትነሣ ከኢንተርኔት እየተማረች አምስት ሳምንት ሠራች። በኋላ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣

«ጨዋታው ካለቀ ካርታው ይነሣል ብዬ ነዋ» አለችኝ። «ሌላ ምን እፈልጋለሁ?»

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሻይ ጠርታን ሄድን፤ እኔና ሽማግሌው ምዋዲሜ። ምዋዲሜ ከኮረብታው ሥር የሚያርሱ የስድሳ ስምንት ዓመት ገበሬ ናቸው፤ የማጋንጋ የእናቱ ዘመድ፣ የጨዋታው «ከፍተኛ የጦር አማካሪ»። ይህን ሹመት ያገኙት ከዝሆን ጋር ስለሚዋጉ ነው። ዝሆን ሦስት ጊዜ በቆሏቸውን አጥፍቶባቸዋል፤ እሳቸውም በበኩላቸው ስለ ዝሆን በጎ ነገር ላለመናገር ምለዋል።

ዋኬሾ ላፕቶፑን አምጥታ ካርታው ላይ፣ ከአራተኛው ጨረቃ አጠገብ አስቀመጠችው። ማጋንጋ «ቀስ፣ ጠጠሩን…» ሲል ስክሪኑ በራ። ጥቁር ሰማይ። ከዋክብት። ከታች አንዲት ትንሽ መንኮራኩር፤ ከላይ ተደርድረው የሚመጡ ቀያይ ጠላቶች።

«ሞክረው» አለችው።

ማጋንጋ ተቀመጠ። እጁን ኪቦርዱ ላይ አኖረ። ግራ ተጫነ፤ ዞረች። ቀኝ ተጫነ፤ ዞረች። ተኮሰ፤ አንድ ጠላት ፈነዳ። ቀና ብሎ ሚስቱን አየና እንደገና ጎንበስ አለ። ከዚያ ጠላቶቹ ከበቡትና በአርባኛው ሰከንድ ሞተ።

ስክሪኑ ላይ «እንደገና?» የሚል ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ይል ነበር። ምዋዲሜ ሻያቸውን ፉት አሉ።

«በቀኝም ይዞራል» አለ ማጋንጋ በመጨረሻ።

«ይዞራል» አለች ዋኬሾ።

«ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው።» ተነሣ። ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ለቅሞ ኪሱ ከተተ። ካርታውን በአራት አጠፈ፣ ከዚያ በስምንት። የሚስቱን እጅ ጨብጦ «እንኳን ደስ ያለሽ» አላት፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ እንደሚባለው። ዋኬሾ በዚያች ቅጽበት ፊቷ ምን እንደመሰለ ባልነግራችሁ ይሻላል።

ለጥቂት ሳምንታት ያ ቤት ገበያ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈሩ ይሰበሰባል። የሁሉ የበላይ ምዋዲሜ ሆኑ። በሕይወታቸው ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ ሰው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰክተው፣ «በቆሎዬን መልሺ! አንቺ ሆዳም!» እያሉ ቀያዮቹን መንኮራኩሮች ይፈጇቸዋል። ከዚያ ግን ተሰለቸ። ጠላት ይመጣል፣ ይሞታል፤ ይመጣል፣ ይሞታል። ምዋዲሜ አንድ ቀን እጃቸውን አነሡና፣

«ይሄማ ጥሬ መልቀም ሆነ፤ እኔ ዶሮ ነኝ እንዴ?» ብለው ወጡ። በሳምንቱ ሌላው ሰው ሁሉ ቀረ።

ማጋንጋስ? ማጋንጋ ጤነኛ ሰው ሆነ። ከዚህ የከፋ ነገር የለም። አጥሩ ላይ ብቅ ይልና «ዝናቡ የዘገየ ይመስላል» ይለኛል። «ይመስላል» እለዋለሁ። ወደ ቤቱ ይገባል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ሁለት ደቂቃ አለህ?» እንዳይለኝ በጓሮ በር ስወጣ የኖርኩ ሰውዬ፣ በፊት ለፊቱ በር እየወጣሁ፣ ቀስ እያልኩ፣ ቁልፌን እያንኳኳሁ መቆለፍ ጀመርኩ። ቢሆንም ወሬው ዝናብ ብቻ ነው።

ዋኬሾ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። በረንዳው ላይ ቆመን አወራን።

«መምህር፣ እራት ላይ ምን እንደሚለኝ ታውቃለህ?»

«ምን ይልሻል?»

«‹ጨው አቀብዪኝ› ይለኛል። አሥራ አንድ ዓመት ጨው ጠይቆኝ አያውቅም። ምን እንደሚበላ አያውቅማ! አሁን ይቀምሳል።» ዓይኗን ጠረገች። «ጠረጴዛው ሰፊ ነው ለካ። እሱ ከዚያኛው ጫፍ፣ እኔ ከዚህኛው።»

«ተቆጥቶሽ ነው?»

«ቢቆጣኝ ምናለበት! ያመሰግነኛል። ወጡንም ያመሰግናል፣ ጨዋታውንም ያመሰግናል። ደብተሮቹን የት እንዳደረጋቸው ስጠይቀው ‹ለሚጠቅመው ሰው ሰጠኋቸው› አለኝ።»

ማን እንደሚጠቀምባቸው ያወቅሁት በማግስቱ፣ ሐሙስ፣ በዕረፍት ሰዓት ነው። ከትምህርት ቤታችን በር ላይ ማማ ሚዛ የምትባል፣ ማንዳዚ የሚሉትን ጣፋጭ የሊጥ ጥብስ የምትሸጥ ሴት አለች፤ እጇ የተባረከ፣ ምላሷ ግን እንደ ዘይቷ የሚያቃጥል። ሁለት ማንዳዚ ገዝቼ ስገልጠው ወረቀቱ ላይ የማውቀውን ጽሑፍ አየሁ። ቀጥ ያለ፣ ደቃቅ፣ የመጋዘን ሹም ጽሑፍ። «የሚሳይል ወጪ ቅጽ» ይላል።

«ማማ ሚዛ፣ ይሄን ወረቀት ከየት አመጣሽው?»

«የምጎይ አባት ነው የሰጠኝ፣ ሰኞ ዕለት፤ አሥራ አራት ደብተር! አንጀቱ ይባረክ፣ ጥሩ ወረቀት ነው፤ ዘይት ይጠጣል።»

«ስንት ቀረሽ?»

«አሥር። አራቱ አለቁ።»

«ልግዛሽ።»

«እኔ ወረቀት ነጋዴ ነኝ? ማንዳዚ ነው የምሸጠው።»

«እሺ በጋዜጣ ጠቅልያቸው፣ ወረቀቱን ለእኔ ስጪኝ።»

«ጋዜጣ ቀለም ይለቃል! የልጆቹን ሆድ ሲቆርጠው የምታክማቸው አንተ ነህ?» ከዚያ ወገቧን ያዘችና አስተዋለችኝ። «ምን አገባህ ግን? አንተ አይደለህ እንዴ በእሱ ደብተር ከሁሉ በላይ የምትስቀው?»

ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። በመጨረሻ በሁለት ነገር ተስማማን፦ ከመምህራን ክፍል ሁለት ጥቅል ንጹሕ የፈተና ወረቀት ላመጣላት፣ ከዚያም በላይ የዕለቱን ማንዳዚ በሙሉ ልገዛት። መቶ አሥራ ስድስት ማንዳዚ። መምህራኑ እስከ ቅዳሜ በሉ፤ የሒሳብ መምህራችን እስከ ዛሬ ማንዳዚ ሲያይ ፊቱን ያዞራል።

ስላለቁት አራት ደብተሮች ደግሞ ተማሪዎቹን አሰልፌ፣ በሙሉ ሥልጣኔ፣ «በዚህ ሳምንት ማንዳዚ የበላ ሁሉ የጠቀለለበትን ወረቀት ያምጣ!» ብዬ አወጅኩ። ፈተና የተሰረቀ መሰላቸው። በፍርሃት ከየቦርሳው፣ ከየኪሱ፣ አንዳንዱም ከቆሻሻ መጣያ ያወጡት ወረቀት ሰባ ሦስት ቅጠል ሆነ። ዘይት ጠጥቶ ብርሃን ያሳልፋል። እያንዳንዱን በመስኮት ላይ ለጥፌ አደረቅሁት፤ ሳደርቅ አነበብኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የማጋንጋን እቅድ ሳነብ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። እስከዚያ ድረስ ከአፉ ሰምቼ ስቄበታለሁ እንጂ ገልጬ አላየሁትም።

ከሰባተኛው ደብተር የተገነጠለ አንድ ገጽ ላይ «የጠላት ጠባይ» የሚል ርእስ አለ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦

«ጠላት ክፉ አይደለም። ርቦታል። ሲመጡ እናቲቱ ከፊት ናት። እሷ ከቆመች ይቆማሉ፤ እሷ ከዞረች ይዞራሉ። እናቲቱ ከተመታች ሌሎቹ አይሸሹም። አይተኩሱምም። ይመጡና ይከቧታል፤ ከዚያ ይቆማሉ። ተጫዋቹ ምን እንደሚያደርግ ራሱ ይወስን።» በጠርዙ ላይ በሌላ ቀለም «በድርቁ ዓመት፣ ከእናቴ ማሳ በታች ያየሁት» ተብሎ ተጨምሯል።

የድርቁን ዓመት ሁላችንም እናውቀዋለን። ዝሆኖቹ ከከተማችን አጠገብ ካለው የዱር አራዊት ፓርክ ወጥተው የእኛኑ ያህል ተርበው የመጡበት ዓመት ነው። ማጋንጋ ያኔ የእናቱን በቆሎ ቆርቆሮ እየደበደበ ሲጠብቅ ከርሟል። እኛ ቆርቆሮውን ሰምተናል። እሱ የሚያየውን ግን አልጠየቅነውም።

ገጹን ወስጄ ለዋኬሾ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፤ ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና እንደገና አነበበችው።

«ስድስት ዓመት እኮ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር» አለች። «አንድ ቀን ገልጬ አላየሁም። እኔም እንደናንተው ከዚያ ሁሉ ደብተር ውስጥ ብሎን ብቻ ያለ መስሎኝ ነበር።»

ደብተሮቹን እኔ ዘንድ እንዳቆይ አዘዘችኝና ገጹን ብቻ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ዘጠኝ የምሳ ሰዓት ፈጀባት።

በሁለተኛው ቅዳሜ ከሰዓት ምዋዲሜን በስንት ልመና አመጣኋቸው። ሌሎችም አምስት ስድስት የሚሆኑ ጎረቤቶች ተከትለው ገቡ፤ ካታና ሳይቀር መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ማጋንጋ ጥግ ላይ ሻይ እየቀዳ ነበር፤ ወደ ስክሪኑ ጀርባውን ሰጥቷል።

«ያው ጥሬ መልቀሙ ነው?» አሉ ምዋዲሜ መነጽራቸውን እየሰኩ።

«ይሞክሩት፣ አባባ» አለች ዋኬሾ።

ጨዋታው ተጀመረ። የመጡት ሰባት ናቸው። ከፊት የምትመራው ትልቅ፣ ከኋላ ስድስት፣ ከስድስቱ አንዷ ትንሽ። እንደበፊቱ ቀጥ ብለው አልመጡም። ቆም ይላሉ፤ ዞር ይላሉ፤ ትልቋ ስትንቀሳቀስ ይንቀሳቀሳሉ።

«አሃ! ያቻትና ባልቴቷ!» አሉ ምዋዲሜ። «ጠብቂኝ፣ መጣሁልሽ!» ሦስት ጊዜ ተኮሱ። ሦስተኛው አገኛት። የትልቋ መንኮራኩር መብራት ጠፋ፤ ቀስ ብላ ወደ ጎን ተጋደመች።

ሽማግሌው ስድስቱ ሊወርሯቸው ነው ብለው ተዘጋጁ። አልወረሩም። ስድስቱም መተኮሱን አቆሙ። አንድ በአንድ ዞሩና ወደተጋደመችው መጡ። ከበቧት። ትንሿ ቀርባ በአፍንጫዋ ጎኗን ነካች፤ ራቅ አለች፤ እንደገና ቀርባ ነካች። ምንም ድምፅ የለም።

«ይተኩሱ እንጂ አባባ!» አለ ከኋላ አንዱ። «ቆመውልዎት! ሁሉም ነጥብ ነው!»

የምዋዲሜ ጣት ቁልፉ ላይ ነበር። ከዚያ እጃቸውን ከኪቦርዱ አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት።

«ይሄንን አውቀዋለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «በድርቁ ጊዜ ነው። እኔም ከላይ ሆኜ አይቻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።» ወደ ዋኬሾ ዞሩ። «አንቺ ማን ነገረሽ?»

ዋኬሾ በአገጯ ወደ ባሏ አመለከተች።

ማጋንጋ ብርጭቆውን እንደያዘ ዞሮ ስክሪኑን ያይ ነበር። ሻዩ እጁ ላይ እየፈሰሰ እንደሆነ አላስተዋለም። ያመሰግናታል ብዬ ፈርቼ ነበር።

«ትንሿ ልክ አይደለችም» አለ።

«ምኗ?» አለች ዋኬሾ።

«ሁለት ጊዜ ነክታ አትቆምም። ሦስት ጊዜ ትነካታለች። ከዚያ ትሄዳለች፤ ሄዳ ሄዳ ትመለሳለች። ደግሞ እነዚህ ፊታቸውን ወደ ውስጥ አያደርጉም፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ውጭ ነው የሚቆሙት። የሚመጣባቸውን ያያሉ።»

«እሺ ና፣ አሳየኝ።»

ብርጭቆውን አስቀምጦ ወንበር ስቦ ከጎኗ ተቀመጠ።

«ቆይ፣ እኔስ ምን ልሁን?» አሉ ምዋዲሜ ከሌላው ጎን። «ስንት ጊዜ ነው እንዲህ የሚቆሙት?»

«እኔ ባየሁት ሁለት ቀን» አለ ማጋንጋ።

«ሁለት ቀን ልቀመጥ? የማጠጣው ከብት አለኝ እኮ!»

ሳቅ ሆነ። ማጋንጋም ሳቀ፤ ከሁለት ወር በኋላ መሆኑ ነው። «መሄድ ይችላሉ፣ አባባ» አላቸው። «መንገዱ ክፍት ነው። ማንም አይተኩስብዎትም።»

ምዋዲሜ መንኮራኩራቸውን በጣም ቀስ አድርገው፣ በዳር በዳር፣ የቆሙትን ሳይነኩ አሳለፏት። በስክሪኑ ጫፍ ስትጠፋ አንድም ነጥብ አልተሰጣቸውም። እሳቸውም አልጠየቁ።

ካታና ከበሩ ላይ ሆኖ «ማጋንጋ» አለ። «ልክ ነበርክ። እዚህ ላይ ድምፅ አያስፈልግም።» ገብቶ ሻይ ጠጣ።

ከዚህ በኋላ ማጋንጋ ተፈወሰ ብዬ አልዋሻችሁም። ይህ በሽታ መድኃኒት የለውም። አሁን ዋኬሾ ትሠራለች፣ እሱ ያቅዳል፤ እሷ አንዲት ጨረቃ ስትጨርስ እሱ አራት ይጨምርባታል። የወጪ ቅጹ እንዲቀር አራት ቀን ተከራክረው በአንድ ኮፒ ተስማምተዋል። ለእኔም በትናንትናው ዕለት ሃያ ሦስት አዳዲስ ስሞች ታዝዘውብኛል፤ ፀጉሬም ይኸው እንደምታዩት ነው።

ደብተሮቹን መልሼለታለሁ፤ ሰባ ሦስቱንም የዘይት ቅጠሎች ጭምር፤ ከአንዱ በቀር። ከአሥራ አንደኛው ደብተር የተገነጠለ ነው፤ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እንባዋ እየመጣ ከካልሲዋ ውስጥ ያወጣችው። የዋናዋ መንኮራኩር ሠራተኞች ዝርዝር አለበት። ሾፌሩ፣ ተኳሹ፣ መካኒኩ፤ እያንዳንዱ ከነጠባዩ። በስድስተኛው ተራ ላይ እንዲህ ይነበባል፦

«መምህር ምዋንጃላ። መተኮስ አይችልም። በሰው ይቀልዳል፤ ይቀልድ። መንኮራኩሯ የነደደች ቀን መጨረሻ የሚወጣው እሱ ነው።»

እኔ ስለ እሱ ይህን ሁሉ ወረቀት ፈጀሁ፤ እሱ ግን እኔን በአንድ መስመር ተኩል ጨርሶኛል፤ ያውም ከስምንት ዓመት በፊት። ባለፈው ሳምንት ያንን ገጽ ሲፈልግ አይቼው «ማንዳዚ ይዞት ሄዶ ይሆናል» አልኩት። ገጹ ግን መዝገበ ቃላቴ ውስጥ ነው። በየትኛው ቃል ሥር እንዳስቀመጥኩት አልናገርም።